ስተኛ የሚወጣ፣ ስነሣ የሚወርድ ግፊት

የሺዬ፣ የቤቴ እመቤት፤

ከተለየሽኝ ሁለት ክረምት አለፈ። በደብዳቤ ወግ አስቀድሜ ስለ ጤናሽ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ግን አንቺ ባለሽበት አገር ስኳርም ሆነ የደም ግፊት የሚለካ ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ የእኔን ጤና ልንገርሽ። ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ ያልሁሽ ቁጭ ብዬ ስለምጽፍልሽ ነው። ብቆም ሌላ ነው፣ ብተኛ ደግሞ ሌላ። አሁን የምነግርሽን ስትሰሚ እንደ ልማድሽ አፍሽን በነጠላሽ ሸፍነሽ እንደምትስቂ አውቃለሁ። ሳቂ፣ ምንም አይደል። ቤቱ ከሳቅሽ ወዲህ ዝም ብሏል።

ቤቱ ራሱ እንዳለ ነው። ጌሾሽ የማድቤቱን ጣራ አልፎ ጎረቤት ዘልቋል። የጓሮዎቹን ሁለት ክፍሎች አሁንም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተከራይተዋቸዋል፤ እንደ ድሮዎቹ ናቸው፣ ፈተና ሲደርስ ጸሎት ያበዛሉ። ልጃችን ብርቱካን አዘዞ ማስተማሯን አልተወችም። ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣና ሳትቀመጥ ማድቤት ትገባለች። የተደበቀ ሐሺሽ እንደሚፈልግ ፖሊስ ጆንያውን፣ ቁም ሣጥኑን፣ ያንቺን የድሮ ድስት ሳይቀር ትፈትሻለች። የምትፈልገው ስኳር ነው። ባለፈው ከሽሮው ቆርቆሮ ጀርባ የደበቅሁትን ማር አግኝታ፣ ፊት ለፊቴ ለተማሪዎቹ ሰጠቻቸው። እነሱም ለእኔ ጤና እያሰቡ በሦስት ቀን ጨረሱት።

ስኳሩን መቼም ታስታውሺዋለሽ። መጀመሪያ አንቺን ያዘሽ፣ በሦስተኛው ዓመት እኔን። ግፊቱ ደግሞ ለሁለታችንም ተከትሎ መጣ። ጠዋት ጠዋት የጣታችንን ደም ተለክተን ውጤታችንን እንደ ሰነፍ ተማሪ ስንደባበቅ ስንት ዓመት ኖርን! ያንቺ ሸጋ የሆነ ቀን መለኪያው ትክክል ነው ትያለሽ፤ የእኔ ከፍ ያለ ቀን መለኪያው ተበላሽቷል እላለሁ።

አሁን ወደ ወደቅሁበት ልምጣ።

የመጀመሪያው እድር ላይ ነው። ክርክሩ የእድሩን ድንኳን ለተማሪ ምረቃ ድግስ እናውሰው ወይስ አናውሰው የሚል ነበር። እኔ አይዋስ ባይ ነኝ፤ ድንኳኑ የለቅሶ ነው፣ ጭፈራ ሊለምድ አይገባም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጬ ስሰማ ቆየሁና አልቻልሁም፣ ብድግ ብዬ «ተቃውሞ አለኝ!» አልሁ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የጸሐፊውን ጫማ ነው። ከቅርብ ነበር ያየሁት፤ ክሩ አልታሰረም።

ውኃ ረጭተው አነሡኝ። ጸሐፊው በቃለ ጉባኤው ላይ «አያ አለባቸው ተቃውሞ አለኝ ብለው ወደቁ» ብሎ ጻፈ። ሊቀ መንበሩም ሰው ለሐሳቡ ይህን ያህል ከወደቀለትማ እውነት አለው ሲል፣ ድንኳኑ እንዳይዋስ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ስንት ዓመት በእድሩ ስከራከር ያሸነፍሁት ይህን ብቻ ነው፤ እሱንም ራሴን ስቼ።

ለብርቱካን አልነገርኋትም። ቁርስ ሳልበላ ስለወጣሁ ነው ብዬ ለራሴ አሳመንሁት። በሳምንቱ ጸጉር አስተካካዩ ዘንድ ሄድሁ፤ ያ የምታውቂው፣ ባለ ሪዙ ጎልማሳ። ጨርሶ ከኋላዬ በመስታወት ሲያሳየኝ «ይበቃል» ብዬ ከወንበሩ ስነሣ ዓለም ጨለመችና ጸጉሬ ከወደቀበት እኔም ወደቅሁ። ስነቃ ሰውየው መቀሱን እንደያዘ ከበላዬ ቆሟል። «አያ፣ ይህን ያህል እኮ አላበላሸሁትም!» አለኝ። ምስኪን፣ በዕድሜው እንዲህ ያለ ቅሬታ ደርሶበት አያውቅም። ለብርቱካን የደወለላት እሱ ነው። እሷም ማልቀሷን ሳታቋርጥ እየተቆጣችኝ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ።

ሐኪሟ ገና ወጣት ናት፤ ረጋ ያለች፣ አስተያየቷ እንደ ሽማግሌ። አልጋ ላይ አጋደመችኝና ጥቂት ደቂቃ ዝም ብዬ እንድቆይ አዘዘችኝ። ከዚያ ለካችኝ፤ መቶ ሰባ አምስት። «አሁን ይነሡ» አለችኝና አቁማ ለካችኝ፣ ትንሽ ቆይታ ደገመችኝ፤ መቶ አሥር።

«መለኪያሽ ተበላሽቷል» አልኋት።

«መለኪያው ደኅና ነው አባባ። የተጎዳው ነርቭዎ ነው» አለችኝ።

ብርቱካን ይህን ስትሰማ ከወንበሯ ተስፈነጠረች። «ይኸው! እኔስ ምን አልሁ! ነርቭ አለበት ዶክተር፣ በማይረባው ሁሉ ይቆጣል!»

«እኔ ነርቭ የለብኝም!» ብዬ ስጮህ ከኮሪደሩ ሰው አንገቱን አስገብቶ አየኝ።

ሐኪሟ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ እሷ የምትለው ነርቭ የቁጣው እንዳልሆነ አስረዳችን። ሰው ሲቆም ደሙ ወደ እግሩ ይወርዳል። ደኅና ሰው ላይ፣ ሰውየው ሳያዝዛቸው የሚሠሩ ነርቮች ይህን ወዲያው ይሰሙና የደም ሥሮቹን ጠበብ፣ ልቡን ፈጠን ያደርጉታል። ስኳር ለብዙ ዓመት ከፍ ብሎ ሲኖር እግር እንደሚያደነዝዘው ሁሉ እነዚህንም ነርቮች ይጎዳቸዋል። ያን ጊዜ ሲቆሙ ግፊቱ ይወርዳል፤ ሲተኙ ደግሞ ይወጣል፤ ሌላው ሰው ሌሊት ግፊቱ ዝቅ ሲልለት ይኸኛው ከፍ እንዳለ ያነጋል።

እኔ ያን ሁሉ ዘመን ከጎንደር ደባርቅ አውቶቡስ የነዳሁ ሰው ነኝ፤ ገባኝ። «ፍሬኑም አለ፣ ነዳጅ መስጫውም አለ፤ ከፔዳሉ የሚሄደው ገመድ ነው የተበላው» አልኋት። እንደዚያ ነው አለችኝ። እንዲህ ያለች ማኪና ይዤ ከመናኸሪያው እንኳ እንደማልወጣ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ጎማ ላይ ሳልሆን በእግሬ ገበያ ለገበያ እዞርባት ነበር።

ቀጥላ በዝግታ፣ በረጅሙ እንድተነፍስ አድርጋ ልቤን በማሽን አየችው። የደኅና ሰው ልብ ከትንፋሹ ጋር ፈጠን፣ ዘግየት ይላል አለች። የእኔ ልብ ንቅንቅ የለም፣ እንደ ወታደር እኩል ይረግጣል። «ምነው፣ ቀጥ ማለቱ ሸጋ አይደለም ወይ?» አልኋት። አይደለም አለችኝ። ይኸውልሽ፣ በስተርጅና አንድ ቀጥ ያለ ነገር ቢገኝብኝ እሱም በሽታ ሆነ።

ከዚያ ብዕሯን አንሥታ፣ ልትጽፍ እያለች፣ «ከቤተሰብ ስኳር ያለበትና ሲነሣ የሚያዞረው ሌላ ሰው ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

የሺዬ፣ ያን ጊዜ ነው አንቺ በዓይኔ ላይ የመጣሽው።

የከብት ነጋዴው ለቅሶ ትዝ አለኝ። ሰውየውን በሕይወቱ ሁለት ጊዜ ብታዪው ነው። ምንጣፍ ላይ ተቀምጠሽ ቆየሽና ልንሄድ ብድግ ስትዪ ተዘረርሽ። ለቃሾቹ አብረው ጩኸቱን አቀለጡት፤ የሟች ሚስት ግን ለቅሶዋን አቋርጣ «ይህች ሴት ማን ናት?» ብላ ጠየቀች። እስኪጣራ ድረስ ሰፈሩ እኔን በሐዘኔታ ሲያየኝ ከረመ። አንድ ሰውማ እጄን ይዞ «ሁሉም ያልፋል፣ ቻለው» ብሎኛል። እኔና አንቺ ያንን ያህል የሳቅንበት ነገር የለም።

ብዙ ሳቅን፤ ለምን እንደወደቅሽ ግን አልጠየቅንም።

ቤተ ክርስቲያን ወንጌል ሲነበብ ስትነሺ ግድግዳውን ትይዢ ነበር። ጾም አብዝተሽ ነው አልሁሽ። «ስነሣ ዓይኔ ላይ ጥቁር ነገር ይመጣብኛል» ብለሽ ነግረሽኛል፤ አንድ ጊዜ አይደለም። እኔ ውኃ ጠጪ አልሁሽና ወሬዬን ቀጠልሁ። ቀስ ብለሽ ስትነሺ «ቶሎ በይ እንጂ፣ ሰው ይጠብቀናል» እያልሁ በክንድሽ ስቤ አነሣሽ ነበር። ክንድሽ አሁንም መዳፌ ውስጥ ይሰማኛል።

ከሁሉ የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ክኒንሽን ልንቀበል በሄድን ቁጥር ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ትለኪያለሽ፤ ከፍ ብሏል ይባላል። ነርሷ «ሌላ የሚያስቸግርዎት ነገር አለ?» ብላ ትጠይቅሻለች። አንቺ መጀመሪያ ወደ እኔ ታያለሽ። እኔ «የለም፣ ደኅና ናት» እላለሁ። የተጠየቅሽው አንቺ፣ የመለስሁት እኔ። ለምን? ወረፋው ስለረዘመብኝ፤ አንቺ መናገር ስትጀምሪ ከሥር መሠረቱ ስለምትጀምሪ፤ ከዚያም በላይ ደግሞ ደኅና እንድትሆኚልኝ ስለምፈልግ።

ያን ጠዋትም «ድካም ድካም ይለኛል» ብለሽ ጋደም አልሽ። ደረቴን አላልሽም፣ አመመኝ አላልሽም። እኔ ዳቦ ገዝቼ ስመለስ ልብሽ ቆሟል።

ብርቱካንን ውጪ ጠብቂኝ ብዬ፣ ይህን ሁሉ ለሐኪሟ ነግሬ ጠየቅኋት፤ «በጊዜው ብነግራቸው ኖሮ ሚስቴ ትተርፍ ነበር?» ብርቱ ልጅ ናት፤ ሊያጽናናኝ የሚችል ውሸት አልነገረችኝም። «እሱን ማንም ሊያውቅ አይችልም አባባ። ስኳር ነርቭ ሲጎዳ የልብ ሕመም እንኳ ሳይሰማ የሚመጣበት ጊዜ አለ። ግን መናገር ይሻላል፤ ሁልጊዜም ይሻላል» አለችኝ። ስወጣ ብርቱካን ዓይኔን አይታ ልትቆጣኝ የጀመረችውን ተወችው። እስከ ቤታችን እጄን ይዛ ሄደች።

እንግዲህ ትእዛዙ በዛ። የመድኃኒቴ ሰዓት ተቀየረ። ከአልጋ ስነሣ መጀመሪያ መቀመጥ፣ እግሬን ማወዛወዝ፣ ቆይቶ መቆም። ቀን ጋደም ማለት ክልክል። የአልጋዬ ራስጌ ከፍ ይበል ተባለና ከሥሩ ብሎኬት ገባበት። ስተኛ ራስጌ ነኝ፣ ስነቃ ግርጌ ተጠቅልዬ እገኛለሁ። ሌላው እስከ ጭን የሚደርስ ጥብቅ ካልሲ ነው፤ ደሙ እግሬ ላይ እንዳይከማች የሚይዝ። ጠዋት ጠዋት ከእሱ ጋር የምታገለውን ብታዪ! አንደኛውን እግር አግብቼ ሁለተኛውን ስጀምር የመጀመሪያው ይወጣል።

በዚህ መካከል እቴ እታገኝ መጣችብኝ። ወንድሟ ባገኘበት እየወደቀ ነው የሚል ወሬ ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ድረስ ደርሶላት፣ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት በቁና ይዛ ገባች። ታውቂያታለሽ፣ ታላቄ ናት፤ እኔ ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝ፣ ለእሷ ግን ገና ንፍጤ አልደረቀም። አልጋዬን አየችና እጇን አገጯ ላይ አደረገች። «ምነው አልጋህን ዳገት አደረግኸው? የአገሩ ዳገት አነሰህ?» አለችኝ። ካልሲውን ደግሞ በሁለት ጣቷ አንሥታ አየችው። በኋላ ለብርቱካን «የሚስቱ ሐዘን የሴት ልብስ እስከማስለበስ አድርሶታል» ብላ በሹክሹክታ ነገረቻት። የእሷን ሹክሹክታ መቼም አዘዞ ያለ ሰውም ይሰማዋል።

እቴም እንደኛው ስኳር ካደረባት ስንት ዘመኗ። ከመጣች ጀምሮ አንድ ነገር አስተዋልሁ። ከበርጩማ በተነሣች ቁጥር ግድግዳው ላይ ወዳለው ፎቶሽ ትሄድና እጇን አጠገቡ አስደግፋ ዝም ብላ ታይሻለች። ትንሽ ቆይታ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። አንጀቴን በላችው። በሕይወት ሳለሽ በቅቤ አነጣጠር ስትጣሉ የኖራችሁ፣ አሁን ይህን ያህል መናፈቋ! በአምስተኛው ቀን ግን ሳያት ዓይኗ ተጨፍኗል። ፎቶ የሚያይ ሰው ደግሞ ዓይኑን አይጨፍንም።

«እቴ፣ ስትነሺ ያዞርሻል?» አልኋት።

«ጾሙ ነው» አለችኝ።

የሺዬ፣ ይህቺኑ ቃል ለአንቺ ያልሁሽ እኔ ነበርሁ።

በማግስቱ ይዣት ሄድሁ። ነርሱ ወንድ ነው፤ «እዚህ ላይ ጋደም ይበሉ እናቴ» ሲላት መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ «ምነው? እኔ ባሌ ፊት እንኳ በብርሃን ተጋድሜ አላውቅም!» ብላ እምቢ አለች። ኮሪደሩ በሙሉ ሳቀ። ሐኪሟ መጥታ መጋረጃውን ዘግታ ነው ያስተኛቻት። ስትተኛ ከፍ ያለው ስትቆም ብዙ ወረደ፤ እንደኔው። ከዚያ ሐኪሟ ጠየቀቻት፤ «ሌላ የሚያስቸግርዎት ነገር አለ?»

እቴ ዞር ብላ ወደ እኔ አየች። ልክ እንደ አንቺ። ያቺ ሌላውን ሁሉ የምታዝዝ፣ ማንንም የማትፈራ ሴት እኔ እንድመልስላት ትጠብቃለች። አፌ ተከፍቶ ነበር፤ «የለም» የምትለዋ ምላሴ ላይ ደርሳለች። ዋጥኋት። «አንቺ ተናገሪ እቴ፣ እኔ ምን አውቄ» አልኋት።

ተናገረች። ስትነሣ እንደሚጨልምባት፣ ሁለት ጊዜ ከብቶቹ በረት ውስጥ ወድቃ ለልጆቿ ላሟ ገፋችኝ እንዳለቻቸው፣ ላሟም በዚህ ምክንያት እንደተሸጠች ተናገረች። እግሯ እሳት ሲነካው እንደማይሰማት ተናገረች። ከዚያ ወደ ምራቷ ተሻገረች፤ ከምራቷ ወደ አጥር ጠብ፣ ከአጥሩ ጠብ አባታችን ሲሞት ወደ ተወልን በቅሎ። ሐኪሟ አላቋረጠቻትም። የመጀመሪያውን ጻፈች፣ የቀረውን ሰማች። ወረፋው ረዘመ፤ ሰው አጉረመረመ፤ እኔ ግን ወንበሬ ላይ ሆኜ ስታወራ ብትውል አልጠላም ነበር።

አሁን ወደ አገሯ ተመልሳለች። መድኃኒቷ ተስተካክሎላት እስካሁን አልወደቀችም። አልጋ ስለሌላት ልጆቿ መደቡን በራስጌው በኩል ጭቃ ጨምረው ከፍ አደረጉላት። ካልሲውን ግን ብሞት አላጠልቅም ብላ ነበር፤ ብርድ ሲገባ አጥልቃው ሰነበተችና «ለጃናሞራ ብርድ ሸጋ ነገር ነው» ብላ ሌላ ላክልኝ አለችኝ።

እኔም ባለፈው ሰንበት በሰንበቴያችን፣ ቀስ ብዬ ተነሥቼ፣ ሁሉም ባለበት ተናገርሁ። ስኳርና ግፊት ያለበት ሰው ሲነሣ ካዞረው ጾሙ ነው፣ እርጅና ነው ብሎ እንዳይተወው፣ ተኝቶም ቆሞም እንዲለካ አልሁ። ስለ አንቺም ተናገርሁ፤ አንቺ ስትጠየቂ እኔ እመልስልሽ እንደነበር። ማፈሬ አልቀረም። ስቀመጥ አንዲት አሮጊት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «እኔንም እኮ...» ብላ ጀመረች፤ ቀጥላ ሌላዋ፤ ከዚያ የንስሐ አባታችን ራሳቸው ቅዳሴ ላይ ምሰሶ የሚደገፉት ለክብር እንዳልሆነ ነገሩኝ። ቀኑ እስኪመሽ ሰው ስሰማ ዋልሁ።

የሺዬ፣ ሰው ለሞተበት ሰው አልረሳሽም ይላል። እኔም አልረሳሽም። ግን ደግ ነበረች፣ ወጧ ይጣፍጥ ነበር እያልሁ ብቻ አላስታውስሽም። ነግረሽኝ ያልሰማሁሽን አንድ በአንድ እያነሣሁ አስታውስሻለሁ፤ ክንድሽንም፣ ወደ እኔ ያየሽበትን ዓይንሽንም። የሚቀጥለው እሑድ ካህኑ በጸሎቱ መካከል ወለተ ማርያም ብለው ክርስትና ስምሽን ያነሣሉ። እኔ ከአሮጊቶቹ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀምጬ እሆናለሁ። ድሮ መቀመጡን እንደ ውርደት እቆጥረው ነበር፤ አሁን ስምሽን ደኅና አድርጌ የምሰማው ከዚያ ነው።

ባልሽ፣
አለባቸው